የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አሰልጣኝ ለመሆን የትኛውን የትምህርት ክፍል መምረጥ ይገባል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ከወሰዱ በኋላ የሚመረቁበትን የትምህርት ክፍል ይመርጣሉ። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በትምህርት ቤታቸው ቡድን ሲጫወቱ ወይም ሲሮጡ ያደጉ፣ ነገ ደግሞ እንደ መምህራቸው ፊሽካ አንግተው ታዳጊዎችን ማሰልጠን የሚመኙ ጥቂት አይደሉም። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ስፖርትን መውደድና ታዳጊዎችን በኃላፊነት ማሰልጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ አሰልጣኝ እጅ ስር የሚያልፉ ልጆች ገና በማደግ ላይ ያለ አካል፣ ገና ያልተጠናቀቀ ትምህርትና ገና ያልጸና ተስፋ ይዘው ይመጣሉ። በመሆኑም የትምህርት ክፍል ምርጫው የተማሪውን የወደፊት እንጀራ ብቻ ሳይሆን የእነዚያን ልጆች ጤናና ዕጣ ፈንታ ጭምር የሚመለከት ነው።

ከዚህ በታች ወደዚህ ሙያ የሚያደርሱ የትምህርት መስኮች፣ በየመስኩ የሚገኘው እውቀት በሜዳ ላይ የሚሰጠው ጥቅም፣ እንዲሁም ከምርጫ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ለተማሪዎችና ለወላጆች በሚመች መልኩ ተብራርተዋል።

የትምህርት ቤት አሰልጣኝ በቅድሚያ መምህር ነው

ብዙ ወጣቶች አሰልጣኝነትን የሚያውቁት ከክለቦችና ከብሔራዊ ቡድን ነው። በክለብ ውስጥ አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ሲሆን ቅጥሩም ውሉም በውጤት ላይ የተመሠረተ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያለው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። በአብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስ ወይም የአትሌቲክስ ቡድኑን የሚያዘጋጀው የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምህሩ ነው። ይህ ባለሙያ የሚቀጠረው በመምህርነት፣ ደመወዝ የሚከፈለውም በመምህርነት፣ የሥራ አፈጻጸሙ የሚመዘነውም በዋናነት በክፍል ውስጥ በሚሰጠው ትምህርት ነው። ቡድኑን የሚያሰለጥነው ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በስፖርት ክበብ አማካይነት ወይም በቅዳሜ ጠዋት ነው።

ከዚህ እውነታ የሚከተል ትልቅ ቁም ነገር አለ። የትምህርት ቤት አሰልጣኝ መሆን የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "የትኛውን ስፖርት እወዳለሁ?" የሚለውን ሳይሆን "የትኛው የትምህርት ክፍል ብቁ መምህር አድርጎ ወደ ትምህርት ቤት ያስገባኛል?" የሚለውን ነው። ይህን ሳይለዩ መስክ የመረጡ ተመራቂዎች የሚፈልጉትን እውቀት ይዘው በትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀጠሩበት መደብ የሚያጡበት አጋጣሚ አለ።

የመምህርነትና የአሰልጣኝነት ጥምረት ምን ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል የአርሲዋ በቆጂ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚህች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በለጋ ዕድሜያቸው በእሳቸው ሥር ልምምድ ካደረጉት መካከል በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ እንዲሁም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፉት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኙበታል። እነዚህን ልጆች መጀመሪያ ያያቸው ዓይን የመምህር ዓይን ነበር። በየዕለቱ ልጆችን በቅርብ የሚያይ፣ ስማቸውንና የቤታቸውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው የክለብ መልማይ ከሩቅ የማያየውን ያያል።

ይኸው ምሳሌ ሌላም ነገር ያስተምራል። በአንድ ሜዳ አብረው ከሚሮጡ ብዙ ልጆች መካከል ለኦሊምፒክ የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ነርስ፣ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ይሆናሉ። የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሥራ የሚመዘነው ባፈራው ሻምፒዮን ብቻ አይደለም። ሻምፒዮን ያልሆኑት ጤናቸው ሳይጓደል፣ ትምህርታቸው ሳይቋረጥና ለራሳቸው ያላቸው ክብር ሳይጎዳ ከሜዳው መውጣታቸውም ዋነኛ መመዘኛ ነው። የትምህርት ክፍል ሲመረጥም ይህን ሙሉ ኃላፊነት ለመሸከም የሚያበቃ መስክ መሆኑ ሊታይ ይገባል።

ዋናው መንገድ፦ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል

ለዚህ ሙያ ቀጥተኛው መንገድ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያን ጨምሮ በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መስክ ያስተምራሉ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በመምህራን ትምህርት ላይ እንዲያተኩር የተደራጀ ተቋም እንደመሆኑ በመምህርነት ሙያ ለመቀጠል ለወሰኑ ተማሪዎች ሊታይ የሚገባው አማራጭ ነው።

ወደ ትምህርት ክፍሉ የሚደረገው ምደባ በተማሪው ፍላጎት፣ በመጀመሪያ ዓመት ውጤትና በክፍሉ የመቀበል አቅም ይወሰናል። ስለዚህ ይህን መስክ በእርግጥ የሚፈልጉ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንደ ማለፊያ ብቻ ሊቆጥሯቸው አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ እንደሚጠበቅባቸውም መዘንጋት የለበትም። የሜዳ ችሎታ ብቻውን ዲግሪውን አያስገኝም።

በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሚሰጡት ትምህርቶች በሁለት ወገን ሊታዩ ይችላሉ። በአንድ ወገን አትሌቲክስ፣ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ጅምናስቲክና ሌሎችም በተግባር የሚሰጡ የሜዳ ትምህርቶች አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮሜካኒክስ፣ የስፖርት ሥነ ልቦና፣ የሥልጠና ንድፈ ሐሳብና ዘዴ፣ መለኪያና ምዘና፣ የስፖርት ሕክምናና የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የስፖርት አስተዳደር ይሰጣሉ። ስፖርትን በጨዋታ ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎች በሁለተኛው ወገን ብዛትና ክብደት ይደነግጣሉ። ነገር ግን ለታዳጊዎች የሚበጀውን አሰልጣኝ የሚፈጥረው በአመዛኙ ይኸው ሁለተኛው ወገን ነው።

ትምህርቶቹ በሜዳ ላይ ምን ይፈይዳሉ?

የሰውነት ዕድገት። ሴት ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ በአማካይ በ12 ዓመት፣ ወንዶች ደግሞ በ14 ዓመት ገደማ ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ከልጅ ልጅ የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በአንድ የ9ኛ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ አንዱ ሙሉ ሰው የሚመስል፣ ሌላው ገና ልጅ የሆነ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህን ያልተማረ አሰልጣኝ ለቡድን የሚመርጠው ቀድሞ የጎለመሰውን ነው። የዘገየው ልጅ ችሎታ እያለው "አቅም የለህም" ተብሎ ይመለሳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያድግ ግን ከስፖርቱ ርቆ ይገኛል። የሰው ዕድገትን የተማረ አሰልጣኝ የልጁን የዛሬ ጉልበት ከነገ አቅሙ ለይቶ ማየት ይችላል።

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት። በታዳጊዎች ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ በመሆኑ፣ በአዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ ሊሆን የሚችል አደጋ በልጅ ላይ የአጥንት ዕድገትን የሚያውክ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ ዝላይና ሩጫ ምክንያት ከጉልበት ሎሚ በታች የሚሰማ ሕመምም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። "ታሽቶ ይለቀዋል" ብሎ ልጁን ወደ ልምምድ መመለስና ሕመሙን አይቶ ጫናውን መቀነስ፣ ሲያስፈልግም ወደ ጤና ተቋም መላክ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትምህርት ልዩነት ነው።

የሥልጠና ጫና። ሰውነት የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምድ በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት፣ ምግብና እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል። ጎሕ ሳይቀድ ለልምምድ የሚነሣ፣ ቀን የሚማር፣ ማታ ቤተሰቡን እየረዳ የሚያጠና ተማሪ ይህን ያህል እንቅልፍ ላያገኝ ይችላል። የሥልጠና ንድፈ ሐሳብ የተማረ ባለሙያ የሳምንቱን ልምምድ ከባድ፣ መካከለኛና ቀላል ብሎ ይከፋፍላል፤ ጫናውን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ የፈተና ወቅት ሲደርስ ይቀንሳል። ሽማግሌዎች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚሉት በዚህ ሙያ ውስጥ ሳይንሳዊ መሠረት ያለው መመሪያ ነው።

የአየር ንብረትና የአኗኗር ሁኔታ። በደጋው በቆጂ የሚሰጥ ልምምድ በድሬዳዋ ወይም በጋምቤላ ሙቀት እንዳለ ሊሰጥ አይችልም። በቆላማ አካባቢ ልምምዱ በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ መሆን፣ ለውኃ መጠጫ ተደጋጋሚ ዕረፍት መሰጠት ይኖርበታል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወቅትም አሰልጣኙ የተማሪዎቹን እምነት አክብሮ ከባዱን ልምምድ ማቅለልና ሰዓቱን ማስተካከል ይጠበቅበታል። ይህን በማስተዋል ለማድረግ ሰውነት ጉልበትን ከምን እንደሚያገኝና ውኃ ሲጎድለው ምን ምልክት እንደሚያሳይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሴት ተማሪዎች ጤና። የወር አበባ የሚያዩ ሴት ሯጮች የብረት ማዕድን እጥረት በቀላሉ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ድካምና የውጤት ማሽቆልቆል ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የወር አበባ ለወራት መቋረጥ ደግሞ የምትመገበው ምግብ ለምታደርገው ልምምድ እንደማይበቃ የሚጠቁም፣ ችላ ሊባል የማይገባ ምልክት ነው። በአካባቢ ባህል ምክንያት እነዚህ ጉዳዮች በግልጽ አይነሡም። በመሆኑም አሰልጣኙ ጉዳዩን በክብርና በሙያ ቋንቋ ማንሣት፣ ከሴት መምህራንና ከጤና ባለሙያዎች ጋር አብሮ መሥራት ይኖርበታል። ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ሴቶች ቁጥር መጨመሩም ለሴት ተማሪዎች ትልቅ ድጋፍ ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታ። በሜዳ ላይ አደጋ ሲደርስ ከጤና ባለሙያው ቀድሞ የሚገኘው አሰልጣኙ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘን ተማሪ ወደ ጨዋታ መመለስ እንደማይገባ፣ የተሰበረ እግርን ሳያንቀሳቅሱ እንዴት ማሰር እንደሚቻል፣ ድንገት ወድቆ ለማይተነፍስ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረትን እንዴት መጫን እንደሚያስፈልግ በተግባር ማወቅ የሰው ሕይወት ያተርፋል።

አካታችነት። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለቡድን ለተመረጡት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆችና ታዳጊዎች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንካራ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ ምክር አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችንም ይመለከታል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ማስገኘቷ ይታወሳል። ለአካል ጉዳተኞች የሚስማማ የሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርትን ተግቶ የተማረ መምህር፣ ቀድሞ በሜዳው ጥግ ተቀምጦ ሌሎችን ይመለከት የነበረውን ተማሪ ወደ ሜዳው ያስገባል።

የስፖርት ሥነ ምግባር። አበረታች ቅመሞችን በሚመለከቱ ዓለም አቀፍ ሕጎች መሠረት ተጠያቂነቱ የስፖርተኛው ብቻ አይደለም፤ የሰጠ፣ ያቀበለ ወይም የተባበረ አሰልጣኝም ይቀጣል። ታዳጊ ተማሪ አሰልጣኙ የሰጠውን ነገር ሳይጠይቅ ይወስዳል። ይህ እምነት በጎ ኃይል የመሆኑን ያህል አደገኛም ነው። የዕድሜ ማጭበርበርን አለመተባበር፣ በተማሪዎች ላይ ዱላና ስድብ አለመጠቀም፣ ከማንኛውም ዓይነት ጾታዊ ትንኮሳ መጠበቅና መጠንቀቅ የሙያው መሠረቶች ናቸው።

የማስተማር ሙያ ሥልጠና

ከላይ እንደተገለጸው ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው ባለሙያ መምህር ነው። በመሆኑም ከስፖርት እውቀቱ ጎን ለጎን የማስተማር ሙያ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ሁለት ዓይነት አካሄድ አለ። የመጀመሪያው የትምህርት መስኩና የማስተማር ሙያው ተጣምረው በዲግሪው ውስጥ የሚሰጡበት ነው። ሁለተኛው በመስኩ በዲግሪ ከተመረቁ በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ የሚወሰድበት ነው። ተማሪዎች የሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን አካሄድ እንደሚከተል ከመመዝገባቸው በፊት ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ወይም ከትምህርት ክፍሉ ማጣራት ይኖርባቸዋል። ስሙ ተመሳሳይ የሆነ ዲግሪ በአንዱ ተቋም ለመምህርነት፣ በሌላው ለስፖርት አስተዳደር ወይም ለሥልጠና ያተኮረ ሊሆን ይችላልና።

የማስተማር ሥልጠናው ጥቅም ለቅጥር መስፈርት ብቻ አይደለም። በርካታ ተማሪዎች በአንድ ሜዳ፣ በጥቂት ኳሶች፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲቀርቡ ሁሉንም የሚያሳትፍ ትምህርት ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው ለእሱ ቀላል የሆነው እንቅስቃሴ ለሌላው ለምን እንደሚከብድ ሁልጊዜ አይገባውም። የማስተማር ዘዴ የተማረ ሰው ግን እንቅስቃሴውን ከፋፍሎ፣ ከቀላል ወደ ከባድ አሸጋግሮ ማሳየት ይችላል።

ከስፖርት ሳይንስ ውጭ ያሉ መንገዶች

ወደ ስፖርት ሳይንስ ያልተመደቡ ወይም ሌላ መስክ ይበልጥ የሚስባቸው ተማሪዎች ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም። በትምህርት ቤት ውስጥ ቡድን የሚያሰለጥኑ የሒሳብ፣ የባዮሎጂ ወይም የእንግሊዝኛ መምህራን አሉ። ሌላ የትምህርት ዓይነት እያስተማሩ በስፖርት ክበብ ማገልገል፣ ከፌዴሬሽኖች የአሰልጣኝነት ሥልጠና መውሰድም ይቻላል። ከእነዚህ መካከል ባዮሎጂ ስለ ሰውነት አሠራር ጥልቅ መሠረት የሚሰጥ በመሆኑ ለአሰልጣኝነት ቅርብ ነው።

ሥነ ልቦና ለስሜት፣ ለመነሣሣትና ለታዳጊዎች ባሕርይ፣ ሥነ ምግብ ደግሞ ለአመጋገብ ጥሩ እውቀት ይሰጣሉ። ፊዚዮቴራፒ የተጎዱ ስፖርተኞችን መልሶ ለማቋቋም የሚያበቃ የተከበረ የጤና ሙያ ነው። የስፖርት አስተዳደር ለስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለፌዴሬሽኖችና ለክለቦች ሥራ ያመቻል። እነዚህ ሁሉ ከስፖርት ጋር የሚያያዙ መልካም መስኮች ቢሆኑም በቀጥታ የሚያመሩት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት አለመሆኑን አውቆ መግባት ይገባል። ጉዳት የሚመጣው መስኩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ተማሪው የሚጠብቀውና መስኩ የሚሰጠው ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው።

የአሰልጣኝነት ፈቃድና የሜዳ ልምድ

ዲግሪ መሠረት ነው፤ በአንድ የስፖርት ዓይነት ለማሰልጠን ደግሞ ተጨማሪ ሙያዊ ፈቃድ ይጠቅማል። በእግር ኳስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፈቃዶች ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ እና ኤ እየተባሉ የሚያድጉ ሲሆን ሥልጠናው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ይሰጣል። በአትሌቲክስም ከመጀመሪያ ደረጃ የሚነሡ የአሰልጣኝነት ኮርሶች አሉ። ለትምህርት ቤት ሥራ የመነሻ ደረጃዎቹ ትልቅ ጥቅም አላቸው። በሙያው መግፋት የሚፈልጉ ደግሞ በአትሌቲክስ ወይም በእግር ኳስ አሰልጣኝነት ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ሊሸጋገሩ ይችላሉ። የብሔራዊ አትሌቲክስ ቡድኑን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ የስፖርት ትምህርታቸውን የተከታተሉ ምሁር እንደነበሩ ማስታወስ፣ ከፍተኛ ውጤትና ከፍተኛ ትምህርት አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል።

ተማሪዎች ልምድ ለመቅሰም ምረቃን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በክረምት ወራት የሰፈር ታዳጊዎችን ቡድን መርዳት፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር በዳኝነት ወይም በመዝጋቢነት ማገልገል፣ ልምድ ካለው መምህር ጎን ቆሞ ሥራውን ማየት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ማስታወሻ ደብተር ይዞ የልምምዱን ዕቅድና የታየውን ለውጥ መመዝገብ፣ ኋላ በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ንድፈ ሐሳብ ሕያው ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ተማሪው ከልጆች ጋር መዋልን በእርግጥ ይወደው እንደሆነ ይፈትሽበታል።

ሊታረሙ የሚገባቸው አመለካከቶች

የመጀመሪያው "የስፖርት ሳይንስ ውጤት ለጎደለው ተማሪ ነው" የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ፍላጎት ያላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከመስኩ ያርቃል፤ ፍላጎት የሌላቸውን ደግሞ በግዴለሽነት ያስገባል። የሁለቱም ዋጋ የሚከፈለው በኋላ በመምህሩ እጅ በሚገቡ ልጆች ነው። ሁለተኛው "ጥሩ ተጫዋች የነበረ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል" የሚለው ነው። መጫወት ጠቃሚ ልምድ ቢሆንም ታዋቂ ተጫዋች ያልነበሩ ሰዎች በትምህርትና በትጋት ብቁ አሰልጣኞች መሆን ይችላሉ። ሦስተኛው ከወላጆች የሚሰማው "ስፖርት ትምህርትን ያበላሻል" የሚለው ነው። ልምምድና ጥናት የሚጋጩት ያለ ዕቅድ ሲመሩ ነው። መምህር የሆነ አሰልጣኝ የተማሪውን የፈተና ውጤትም እንደ ውድድር ውጤቱ ስለሚከታተል ወላጆች በሥራው አጋር ሊያደርጉት ይገባል።

ከምርጫ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ተማሪዎች የምርጫ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ብቻቸውን፣ ከዚያም ከወላጆቻቸውና ከሰውነት ማጎልመሻ መምህራቸው ጋር ቢወያዩባቸው ይመከራል።

1. የሚፈለገው ሥራ በትምህርት ቤት ነው ወይስ በክለብ? በትምህርት ቤት ከሆነ አብዛኛው የሥራ ሰዓት የሚያልፈው በማስተማር መሆኑ ታውቋል?

2. ባዮሎጂን የመሰሉ ትምህርቶችን ለማጥናት ፍላጎትና ትዕግሥት አለ?

3. ተሰጥኦ ከሌላቸው ልጆች ጋር መሥራት ደስታ ይሰጣል ወይስ ያሰለቻል?

4. የተመረጠው ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ዲግሪ ለመምህርነት የሚያበቃ ነው? ካልሆነ ተጨማሪ የማስተማር ሥልጠና የት ይወሰዳል?

5. ከመኖሪያ አካባቢ ርቆ፣ የሜዳና የቁሳቁስ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ለማገልገል ዝግጁነት አለ?

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ማሰልጠን ማንንም ያስደስታል። እንደ አሰላው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል ያሉ ተቋማት ተለይተው ለወጡ ታዳጊዎች የተዘጋጁ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን ለሁሉም ነው። ኳስ መምታት የሚያፍረውን፣ ከሩጫ ኋላ የሚቀረውን፣ የስፖርት ጫማ ስለሌለው የሚሸሸገውን ልጅ ስሙን ጠርቶ ወደ ሜዳ የሚያስገባው መምህሩ ነው።

የስፖርት ሳይንስን ከማስተማር ሙያ ጋር አጣምረው የሚማሩ፣ በሚመርጡት የስፖርት ዓይነት ፈቃድ የሚይዙና ከልጆች ጋር መዋልን የሚወዱ ወጣቶች ለዚህ ኃላፊነት በቂ ስንቅ ይዘው ይሰማራሉ። ምርጫቸው በእውቀት ላይ ከተመሠረተ፣ ከእጃቸው ስር ወደፊት አገር የሚያስጠራ ስፖርተኛ ባይወጣ እንኳ በየዓመቱ ጤናማ፣ ሥርዓት ያላቸውና በራሳቸው የሚተማመኑ ዜጎች ይወጣሉ።